የጋሽ አብዲ ፔጆ ከነፈች

ጎረቤቴን ጋሽ አብዲን ልጃቸው «ይቺ ፔጆ መሄድ አቅቷታል፤ ለቆራሌው እንስጣት» እያለ ያስቸግራቸው ነበር። እሳቸው ግን ታይዋን የሚባለው የከተማችን ገበያ ሄደው፣ የእሽቅድምድም መኪና ላይ የሚለጠፈውን ነጭ የስቲከር መስመር ገዙ። ስቲከሩ በሙቀት እንዳይለጠጥ በማለዳ ተጋግዘን ከኮፈኑ እስከ ኋላ ለጠፍነውና ከተማ ወጣን። ከዚራ ሰፈር ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን።

«አባባ፣ ምን ያስከንፍዎታል?»

የፍጥነት መቁጠሪያው አይሠራም፤ አንድ ባጃጅ ግን ቀድሞን ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህንኑ ላስረዳ ስል ጋሽ አብዲ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«ዝም በል አቦ!» አሉና ወደ ፖሊሱ ዞሩ። «ወላሂ አጥፍቻለሁ። ግን ያልከውን ለልጄ ንገርልኝ» ብለው ደወሉና ስልኩን አቀበሉት። ፖሊሱ እየሳቀ ነገረው። ልጁ «የማን መኪና?» እያለ ሲደጋግም እኔም ሰማሁ።