ዳቦ ጋጋሪው ጋሽ እርሾና የልጃቸው ግራ እጅ

ዛሬ ልንሰናበታቸው የቆምነው ወንድማችን፣ ከወፍጮ ቤት ዘበኛ አባታቸውና ልብስ በማጠብ ይተዳደሩ ከነበሩት እናታቸው፣ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ቢሆንም፣ ገብተው የተቀመጡበት ቤት ሁሉ በሣቅ ኩፍ ይል ስለነበር ጎረቤቱ «ጋሽ እርሾ» አላቸው፤ ያም ስም ተጣብቆባቸው ቀረ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ነገር ግን ግራኝ ነበሩና፣ መምህራቸው ግራ እጃቸውን ከወንበሩ ጋር እያሰሩ በቀኝ እንዲጽፉ ያስገድዷቸው ነበር። ቀኙ አልታዘዝ፣ ግራው አልፈታ ቢላቸው፣ አራተኛ ክፍልን ሳይጨርሱ ደብተራቸውን ዘግተው ወጡ። በኋላ ዘመናቸው «እኔና ፊደል በሽማግሌ ተፋታን» እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ ቀልዱ ምን ያህል ቁስል እንደሚሸፍን የሚያውቁት ግን ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ።

ገና ጢም ሳያበቅሉ ዳቦ ቤት በሊጥ አቡኪነት ተቀጥረው፣ ቀስ በቀስ ጋጋሪ፣ ኋላም የምድጃው ኃላፊ ሆኑ። ሰው ሲተኛ እየነቁ፣ ሰው ሲነቃ እየተኙ፣ የሰፈሩን ልጆች ትኩስ ዳቦ አብልተው ትምህርት ቤት ሰደዱ። ዱቄቱ ግን ቅንድባቸው ላይ ብቻ አልቀረም፤ እያደር ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

በጎልማሳነታቸው የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው፣ ብዙ ዓመት ልጅ አጥተው ከቆዩ በኋላ፣ «በቃ፣ አልታደልንም» ባሉበት ሰዓት አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። እናት ቀን ሥራ ስለሚውሉ ሕፃኗ የምትውለው ከአባቷ ጋር ነበር፤ ቁልፍ መቆለፍም፣ ጫማ ማሰርም ከእርሳቸው ተማረች። ማንኪያዋን ግን በግራ ያዘች። አባት ይህን ባዩ ጊዜ፣ በሁሉ ነገር የሚሥቁት ሰው፣ አልሣቁም።

ልጅቷ መዋዕለ ሕፃናት ገብታ ሁለተኛ ዓመቷን ስትይዝ መምህርቷ አባትን አስጠርተው፣ «እኩዮቿ ፊደል መጻፍ ጀምረዋል፤ እሷ ገና እርሳስ አያያዙም አልሆነላትም፣ እስቲ ቤት ውስጥ አግዟት» አሏቸው። ቃሉ ተራ ምክር ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ሰሞን ሐኪሙ የደረታቸውን ፎቶ አይተው፣ «ከእንግዲህ ምድጃው ጋ እንዳይጠጉ፣ ሳንባዎ ተጎድቷል» ብለዋቸው ስለነበር፣ ሁለቱ ወሬ በጆሯቸው አንድ ሆነ። ልጃቸው ስሟን ስትጽፍ ሳያዩ መሞት የእግር እሳት ሆነባቸው። «እኔ ስሄድ ማን ያስጠናታል? እንደኔ ሳትማር ልትቀር እኮ ነው!» እያሉ እንቅልፍ አጡ።

ስለዚህም ቤት በዋሉበት ቀን ሁሉ የምግብ ጠረጴዛውን ጠርገው፣ በነጥብ የተጻፈ ፊደል ፊቷ አኑረው፣ «በላዩ ላይ ሂጂበት» ይሏት ጀመር። እርሳሱን በግራ ስትይዝ ወደ ቀኝ እያዛወሩ፣ ስትመልሰው እየተቆጡ፣ በመጨረሻም፣ ይህን ስናነብ አንደበታችን ይከብደዋል፣ ግራ እጇን በሽርጣቸው ማሰሪያ ከወንበሩ ጋር አሰሩት። ይህ እንዲነበብ ያዘዙት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ «ደግ ደጉን ብቻ ብታነቡልኝ፣ ሣጥኑን ከፍቼ እነሣባችኋለሁ» ብለውናል።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲያ እርሳስ ስታይ አልጋ ሥር መግባት፣ መኝታዋን ማርጠብ፣ ከአባቷ እጅ አልጎርስም ማለት ጀመረች። ባለቤታቸው ከሥራ ገብተው የእጇን አንጓ ቀልቶ ባዩ ጊዜ፣ ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አንተን ያሰረህ ማን ነበር? ንገረኝ፣ ማን ነበር? ያንን ሰውዬ ዛሬ ቤቴ አስገባኸው!» አሏቸው። ጋሽ እርሾ ማሰሪያውን ከሽርጡ ገንጥለው ጣሉና፣ ጓሮ ወጥተው ሳል እስኪያጣጥፋቸው ድረስ አለቀሱ።

የቀረው ዕድሜያቸው የልመና ነበር። ወደ መምህርቷ ሄደው ጥፋታቸውን ሳይሸሽጉ ቢናገሩ፣ «እርሳሱን ይተዉት ጋሼ፤ ወረቀት ትቅደድ፣ ሊጥ ትጨፍልቅ፣ ጣቷ ይጠንክር፤ እጁን ራሷ ትምረጥ» ብለው መከሯቸው። እርሳቸውም ትሪ ላይ ደቃቅ ጨው አንጥፈው በጣታቸው «ሀ»ን እየሳሉ፣ መስኮቱንም ባለቻቸው አጭር ትንፋሽ እፍ ብለው ጉም እያለበሱ፣ ከልጅነታቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በግራ እጃቸው ጻፉ። «ጻፊ» የሚል ቃል ዳግመኛ ከአፋቸው አልወጣም። ልጅቷ ግን ከበሩ ሥር ቆማ አይታ፣ ፊቷን አዙራ ትሄድ ነበር። «አባዬን ይቅር በይው» ቢሏትም ዝም፤ ቢያስቋትም ዝም። በሽታው ጸንቶ አልጋ ላይ ሲጥላቸው፣ ትሪው ራስጌያቸው እንዲቀመጥ አደረጉ፤ ከሕመማቸው ይልቅ የእርሷ ዝምታ ይበልጥ አከሳቸው።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ሳትጠራ ገባች። አባቷ ትሪው ጨው ላይ የሳሉትን «ሀ» በመዳፏ አበሰችው፤ በግራ ጣቷም ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አወረደች። እናት «ምን ጻፍሽ፣ የኔ እናት?» ሊሉ ሲጀምሩ፣ ጋሽ እርሾ እጃቸውን በጭንቅ አንሥተው «ተያት፣ አትጠይቂያት» አሉ። ፊደል አልነበረም። ሌላም አልጨመረችም፤ ወጥታ ሄደች። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ወንድማችን ዐረፉ።

ጋሽ እርሾ ውድ ባለቤታቸውን፣ ገና አምስት ዓመት የሞላትን ልጃቸውን፣ ታላላቅ እህቶቻቸውንና ዕድሜ ልካቸውን አብረዋቸው የሠሩ የዳቦ ቤት ባልደረቦቻቸውን ትተው ሄደዋል። ልጅቷ እስከ ዛሬ አንድም ፊደል አልጻፈችም። ልታጽናኑ ወደ ቤቱ የምትመጡ ሁሉ፣ በፍቅርም ቢሆን፣ «እስቲ ስምሽን ጻፊልን» እንዳትሏት፣ ይህ የሟች አደራ ነው።

የሰውን ድካም የሚያውቅ አምላክ፣ የለመኑትን ይቅርታ በጆሯቸው ሳይሰሙ የተለዩንን ወንድማችንን እርሱ ይቅር ይበልልን፤ ነፍሳቸውን ትንፋሽ በማያጥርበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለልጃቸውም አባቷን ይቅር እስክትል የሚያደርስ ረጅም ዕድሜ ይስጥልን።