ሁለት መልክ ያላት ፊደል

ከየኔታ መልከ ጼዴቅ ጋር ያገናኘኝ ዝናብ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለችው የኮምፒውተር ጽሕፈትና ኅትመት ቤቴ በረንዳ ላይ ተጠልለው ቆመው፣ በጋቢያቸው የጠቀለሉትን እንደ ሕፃን አቅፈው ሳያቸው ወደ ውስጥ ጋበዝኳቸው።

ያቀፉት መምህራቸው በእጃቸው የጻፉት የደብራቸው ድርሳን ነበር። እርጥበት ገብቶበት ብራናው ተጣብቋል። ተማሪዎቻቸው የሚማሩት ከዚያው ከአንዱ ብቻ ነውና፣ ደብረ ብርሃን ወስደው ሊያስጠግኑት ነው።

«ለምን አይታተምም፣ የኔታ?» አልኳቸው።

«አንዴ አሳትሜ ተቃጥያለሁ፣ ልጄ! መምህሬ የምዕራፉን መነሻ ‹መ› በጥንቱ መልክ፣ ሆዷን አስፍተው ነበር የሚጽፏት፤ ተማሪው ከሩቅ አይቷት ንባቡን ያነሣል። አታሚው ግን ሁሉንም አንድ አደረገብኝ። ብጮህበት የፊደሏን ሥዕል ቆርጦ እየቦታው ለጠፈ። ወረቀቱ ሲጠብ ሥዕሉ ሁሉ ከቃሉ ሸሽቶ መሐል ገጽ ላይ እንደ ብቅል ተሰጣ! ከዚያ ወዲህ ማተሚያ የሊቃውንትን እጅ ያጠፋል ብዬ ዳግም ላላሳትም ተገዝቻለሁ።»

«ጥፋቱ የአሠራሩ ነው። እኔ ኮምፒውተር ላይ ባለው የፊደል ቅርጽ ‹መ› ሁለት መልክ አላት።»

«ማሽን የትኛዋ የት እንደምትገባ በምን ያውቃል?»

«አያውቅም። የምናዘው እኛ ነን።»

እሳቸው በቃላቸው እየነገሩኝ አንድ ገጽ ጽፌ የጥንቱን መልክ አዘዝኩ። በገጹ ላይ ያሉት ‹መ›ዎች በሙሉ ሆዳቸው ተነፋ።

«ይኸው!» አሉ የኔታ በድል። «መንጋው በሙሉ አበጠ!»

ትእዛዙን ከመላው ጽሑፍ አንሥቼ ለምዕራፍ መነሻ ብቻ ሰጠሁት። ሌሎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ መነሻዋ ብቻ ሰፍታ ቀረች። የኔታ ወደ ማሳያው ጎንበስ አሉ።

«እስቲ ወረቀቱን አጥብቢው።»

አጠበብኩት። መስመሮቹ ተሸጋሸጉ፤ ‹መ› ግን ከቃሏ አልተለየችም።

«ሥዕል አይደለችም?»

«ያችው ፊደል ናት። ቃሉን ብንፈልገው ይገኛል፣ ብንሳሳት ይታረማል።»

«ቀሚሷን ለወጠች እንጂ ሰውነቷ ያው ነው በይኛ! ማነው የሣላት?»

«ባለቤቴ። የአብነት ተማሪ ነበር።»

«አሁን የት አለ?»

«ዐርፏል።»

«ነፍሱን ይማር፣ ልጄ» አሉ። ዝናቡ ወደ ውስጥ ይገባ ስለነበር ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁ።

የዚያን ዕለት የኔታ ደብረ ብርሃን አልሄዱም። አጠገቤ ተቀምጠው የጻፍኩትን ገጽ አረሙ፤ ብራናው ከተጠገነ በኋላም የቀረውን ሁሉ ጽፈን አሳተምነው።

በደብሩ ንግሥ ዕለት እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን መጽሐፍ ይዞ ቆመ። ዱሮ በአንዱ ብራና ዙሪያ ሲጋፉ የኋለኛው ሳያይ ይውል ነበር፤ ያን ቀን ግን ሁሉም መነሻውን በአንድ ዓይን አይተው በአንድ ድምፅ ንባቡን አነሡ። ብራናውም ታድሶ ከደረቅ ዕቃ ቤት ገብቷል። የቀደመውን የሚያከብር ሰው ይተርፍ ዘንድ ያባዛዋል፤ ያገኘውም መሣሪያ እንዲታዘዝለት ይማራል።

ከሌላ ደብር የመጡ አንድ መምህር ግን መጽሐፉን ገልጠው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ማተሚያ የሊቃውንትን እጅ ያጠፋል፣ የኔታ።»

የኔታ መልከ ጼዴቅ ከእኔ ቀድመው ብድግ አሉ።

«የሊቃውንትን እጅ የሚያጠፋው እርጥበትና እልህ ነው፣ ወንድሜ! ሁለቱንም ስንት ዘመን ቤቴ አኑሬያቸው አውቃለሁ።»