እኛ ቤት ጋ ወራጅ

ከዘመሮ ወደ ቀየት በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ እናት ጎናቸው ካለው ጎልማሳ ጋር ወሬ ይዘዋል።

«የሰፈራችንን መሰብሰቢያ አዳራሽ ያሠራችልን ነጋዴ እኮ አረፈች።»

«ነፍስ ይማር። ስማቸውን በሩ ላይ ጻፉላቸው እንጂ እማማ!»

«በቁሟ ብለናት እንቢ አለች። ‹ስሜን የጻፋችሁ ቀን ቤቱ የኔ ሆነ ማለት ነው› ብላ።»

«እሳቸውስ ስብሰባ ይመጡ ነበር?»

«መጥታ ከኋላ ትቀመጣለች። ‹እስቲ ምከሪን› ስንላት ‹እኔ እንግዳ ነኝ› ትላለች። ያኔ እኛ ሴቶቹ ሰው ፊት መናገር እንፈራ ነበር። እሷ ዝም ስትል ጊዜ ማን ይናገር? ተናገርን!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በውኃ ጉዳይ ስንጨቃጨቅ ከርመን፣ አንድ ሆነን ማዘጋጃ ቤት ሄድን፤ ቧንቧው ሰፈራችን ገባ። እሷ ውኃውን ማስገባት አቅቷት መሰለህ? ወይ ያ ጊዜ! የኛ ጭቅጭቅ፣ የሷ ሳቅ!»

«ታዲያ አዳራሹን ማን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ?»

እናትየዋ በመስኮቱ አሻግረው አዩና ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ሾፌር፣ እኛ ቤት ጋ ወራጅ አለ!»

ሾፌሩ የማን ቤት ብሎ ሳይጠይቅ አዳራሹ በር ላይ አቆመ።

መውረጃዬ ገና ነበር፤ ግን እኔም አዳራሹን ልይ ብዬ ተከትያቸው ወረድኩ።