የሁለት ሰው አልጋ

የቤቴ በር አልገጥም ብሎኝ አናጢ ቤት ጎራ ባልኩበት ጠዋት፣ የድሮ ጎረቤቴን ጡረተኛውን መምህር አገኘኋቸው። ለሬዲዮ ድራማ የምትጽፈው የወንድማቸው ልጅ አብራቸው ነበረች። ለሁለት ተሸክመው ያመጡት የመጻፊያ ጠረጴዛ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«ምን ሊያሠሩ መጡ፣ መምህር?»

«አስቆርጬ የጫማ መደርደሪያ ላደርገው ነው። ልብ ወለድ መጻፍ በቃኝ፤ የሚጻፍ ነገር አለቀብኝ።»

«አይቆጡኝና ጋሼ፣» አለች ልጅቷ፣ «የሚጽፉት ስላላዩት ንጉሥ፣ ስላልረገጡት ቤተ መንግሥት ነው። እንዴት አያልቅብዎት? ሰፈርዎን ግን ያልፉበታል እንጂ አያዩትም።»

«ልጄ፣ ታሪክ እኮ ትልቅ ነገር ይፈልጋል!» ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ አንተ ፍረድ፣ እዚህ ከሰጋቱራ በቀር ምን አለ?»

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በልቤ ለእሳቸው አድልቼ ነበር።

ይህን ስንባባል አንድ ሽማግሌ ከሴት ልጃቸው ጋር አልጋ ሊያዝዙ ገቡ። አናጢው የስንት ሰው እንደሚሆን ጠየቀ።

«የአንድ ሰው፣» አለች ልጃቸው ፈጠን ብላ።

«የሁለት፣» አሉ ሽማግሌው።

«አባዬ፣ እማዬ እኮ…»

«የሁለት ይሁን ብያለሁ! በግድግዳው በኩል የእሷ ነው። እኔ መሐል ላይ መተኛት አላውቅበትም።»

ልጃቸው ፊቷን ወደ ጣውላው ክምር አዞረች። አናጢው ሜትሩን ዘረጋና፣ «እሺ አባቴ፣ የሁለት» አለ።

ከወጡ በኋላ መምህሩ ድምፃቸው ዝግ ብሎ፣ «ሽማግሌው በሩን ከፍተው ልጃቸውን ሲያሳልፏት አያችሁ? እሷ ካለፈችም በኋላ ትንሽ ጠበቁ። ሌላ ሰው የሚከተል ይመስል» አሉን።

«ይኸው! ይህን ማን ነገረዎት?» አለች የወንድማቸው ልጅ።

«ማንም። ግን የሰው ሐዘን እየለቀሙ መጻፍ ነውር አይሆንም?»

«እንዳለ ከገለበጡት፣ አዎ ነውር ነው። ሰዎቹን ይተዉአቸው፤ አባትየው እናት ይሁኑ፣ አልጋውም ሌላ ዕቃ ይሁን። እርስዎ ብቻ ይጠይቁ፤ ያቺ ልጅ አሁን ቤት ስትገባ ምን ትላቸዋለች?»

መምህሩ መጋዙን ያነሣውን አናጢ በእጃቸው ከለከሉት፤ ጠረጴዛውንም እንዳመጡት ይዘውት ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ እኔም ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ መሰልቸት ትቻለሁ። ዙሪያውን የሚያስተውል ሰው የሚጽፈው አያጣም፤ ሰው ላይ ለመፍረድ አይቸኩልም፤ አጠገቡ ያለውንም ሰው አይዘነጋም። ይህን የመጨረሻውን ያስተማሩኝ ራሳቸው መምህሩ ናቸው። በቅርቡ መንገድ ላይ አግኝቻቸው ስለ ጽሑፋቸው ብጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦

«ጽሑፉስ ደህና ነው፤ እየሄደልኝ ነው። ባለቤቴ ግን ጠዋት ጠዋት ሻይ ስንጠጣ ፀሐይ ዓይኗን እየወጋት እንደምትቀመጥ ይህን ሁሉ ዘመን አላየሁም። ለምን ብላት፣ ‹ያኛው ወንበር የአንተ ነዋ፤ ስታነብ እንዳያስቸግርህ ብዬ› አትለኝም!»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ? ተነሣሁላት።»