ቡልኮ የለበሰው ስዊች

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ታክሲ ውስጥ ፋይሌን በጋቢዬ ጫፍ ሸፍኜ አቅፌ ተቀምጫለሁ። ከፊቴ ያሉት ጉዳይ የማስፈጽምበትን ቢሮ የሚያጸዱት እናትና የማያውቁት አንድ የመሣሪያ ቦርሳ የያዘ ጎልማሳ ናቸው።

«ምን ትጠግናለህ ልጄ?»

«ኔትወርክ ነው እማማ።»

«የእኛ ቢሮም ተበላሽቷል። ጠዋት ይሠራል፣ ረፋድ ላይ ጥፍት ይላል።»

«ስዊቹን አይታችሁታል?»

«የመብራቱን ማጥፊያ?»

«አይደለም። የኮምፒውተሮቹ ገመድ ሁሉ የሚሰካበት፣ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት ሣጥን።»

«እሱማ አለ። መብራቱ ግን አይታይም።»

«ጠፍቷል?»

«ኧረ አልጠፋም፣ ቡልኮው ሸፍኖት ነው።»

«የምን ቡልኮ?»

«አቧራ እንዳይገባበት እኔ ነኝ ያለበስኩት። ደህና የዶርዜ ቡልኮ ነው፣ አጥፌ ደርቤለታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኞ።»

«ኔትወርኩ መጥፋት የጀመረውስ?»

«ሰኞ።»

«እማማ፣ ስዊች ሲታፈን ይግላል፣ ሲግል ሥራ ያቆማል።»

«ማታ ማታማ አነሳለታለሁ።»

«ለምን?»

«ላራግፈው። ጠዋት መልሼ አለብሰዋለሁ።»

«ለዚህ ነዋ ጠዋት የሚሠራው! በቃ ያንሱለት።»

«ታዲያ ምን ላልብሰው?»

«ምንም።»

«ራቁቱን?»

«ራቁቱን።»

«እንግዳ ይመጣል እኮ።»

«ይምጣ።»

የለበሱትን ነጠላ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉ።

«ስስ ነጠላስ?»

ከሰኞ ጀምሮ «ሲስተም የለም» እየተባለ አራት ቀን የተመለሰውን ፋይሌን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩና የሸፈነውን የጋቢዬን ጫፍ ገለጥኩለት።