ከጣራ በላይ የቀረው ፌሮ

ልጄ ቦንጋ ላይ ቤት ሲሠራ፣ ወደፊት ፎቅ እንጨምርበታለን ብለን ፌሮውን ከጣራው በላይ አስቀርተነው ነበር። የልጅ ልጆቼ እንዲበዙ የምፈልገው እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። በቀደም ፎቁን ሊጀምርልን የመጣው ግንበኛ ጣራው ላይ ወጣና አንዱን ፌሮ ጨብጦ ቢጎትተው እንደ ቀጤማ ጎበጠ። «እትዬ፣ ይሄ የማይረባ ብረት ነው። ፎቅ ከጨመርንበት ታች ያለውም ይሰነጠቃል» አለኝ። ብረቱን የሸጠልንን ሰውዬ የሚገባውን ያህል ሰደብኩና «በቃ፣ ፎቁ ይቅር» አልኩ።

ሦስተኛ ልጇን ታቅፋ አጠገቤ የቆመችው ምራቴ ይሄኔ አፏን ከፈተች። «እማዬ፣ ግንበኛውን በአንድ ቃል ሰሙት። እኔ ግን ሐኪሙ ሌላ እርግዝና ለሕይወትሽ አስጊ ነው ብሎኝ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውን መከላከያ ላስገባ ስል እርስዎም ልጅዎም አይሆንም አላችሁኝ።»

የጎበጠውን ፌሮ ቀና ብዬ አየሁት። «ነጠላሽን ልበሺ» አልኳትና ባጃጅ አስቆምኩ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ምራቴን አነጋግራ፣ ዕቃዋን አዘጋጅታ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች። «ባለቤቷስ ተስማምቷል?»

«እሱን የወለድኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ሥራሽን ቀጥዪ።»