የኡጁሉ ድምፅ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ፓርቲ አንድ ነበር፣ ምን ያስመርጣል። ከወሎ በሰፈራ መጥተን እዚህ ጋምቤላ፣ አቦቦ ስንራገፍ ሰብሳቢው «እጅ አውጡ» ይላል፣ እናወጣለን፤ «አውርዱ» ይላል፣ እናወርዳለን፤ አለቀ። ታዲያ በኋላ ምልክት ያለው ምርጫ መጣ፣ ምልክቱ ቢበዛም እኛ ቀበሌ የሚያሸንፈው ፋኖስ ነው። የፋኖሱ ተመራጭ ደግሞ ይማም ነው፣ የባለቤቴ የዘይነባ ወንድም። ዘመድ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ፣ ፋኖሱ ላይ ምልክት አድርገህ ቤትህ ትገባለህ።

እና የእጅ ፓምፑ ተሰበረ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ወንዝ መውረድ ጀመሩ፣ ወንዙ ውስጥ ደግሞ አዞ አለ። ይማምን «ኧረ ፓምፑን» ስንለው «በእቅድ ተይዟል» ይላል። በዓመቱም «በእቅድ ተይዟል»። አንድ ቀን ዘይነባ እየሮጠች መጣች፣ ባዶ እጇን ናት።

«ጀሪካኑስ?» ብላት፣ «አዞው ወሰደው፣ እጄን ስቶ» አለችና ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ወላሂ ያን ቀን ፈራሁ። ያለ እሷ ስቀር ታየኝ።

ታዲያ በአገር ሙሉ የአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ሲደርስ፣ ጀልባ የሚሉት ፓርቲ አሪየትን አቀረበ፣ የጤና ጣቢያችንን ነርስ። ሰው በልቡ ጀልባ ጀልባ ይላል፣ በአፉ ግን የሚተነፍስ የለም። እኔም ይማምን እያየሁ ዝም።

ጎረቤቴ ኡጁሉ የአገሩ ተወላጅ ነው፣ አኙዋ። አማርኛን ከእኛ ነው የለመደው፣ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚል። እኔም የእሱን ቋንቋ ስናገር የልጅ ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፣ ተካክለናል። ታዲያ ቅስቀሳው ሁሉ «ድምፅ ስጡ፣ ድምፅ ስጡ» አይደል የሚለው? በምርጫው ቀን ሰልፉ ላይ ከፊቴ ነበር፣ ወረቀቱን ሲሰጡት አልተቀበለም፣ ጉሮሮውን ጠረገና «ጀልባ» አለ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ።

አስመራጯ ደንግጣ «አባባ፣ እዚህ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው» አለችው።

«ድምፅ ስጪ ብለሽ ጠራሽኝ፣ ሰጠሁሽ። አሁን ዝም በይ ትያለሽ?»

«በወረቀት ነው እኮ የሚሰጠው፣ አባባ።»

«ወረቀት አፍ አላት?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እና ማን እንደሚስቅ ዞሬ አየሁ፣ ሁሉም ይስቃል፣ የይማም ጎረቤቶች ሳይቀሩ። ለካ በልቤ የደበቅሁት የሰፈሩ ሁሉ ልብ ኖሯል። ገባሁና ጀልባው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ሲቆጠር ፋኖስ እኛ ጋ ወደቀ፣ በሬዲዮ ስንሰማ ደግሞ ሌላ ቦታ ተነሥቷል፣ እንዲያ ነው ምርጫ። ይማም ቤቴ መጣ፣ ቁጭ በል ብለው እንቢ አለ።

«የእህቴ ባል ሆነህ ከዳኸኝ?»

«እህትህን አዞ ከበላት እኮ ዝምድናችንም አብሮ ያልቃል» አልኩት።

አኮረፈኝ፣ ብዙም ሳይቆይ ግን የጀልባ ምልክት ያለበት ኮፍያ አድርጎ ገበያ አገኘሁት። «ኮፍያው?» ስለው «ለፀሐይ ነው» አለኝ።

አሪየትስ ወንበሩን ከያዘች በኋላ ስለ ፓምፑ ብንጠይቃት ምን ብትል ጥሩ ነው? «በእቅድ ተይዟል።» ኡጁሉ ስብሰባው መሀል ተነሣ፣ እሷም አኙዋ ናትና በገዛ ቋንቋቸው ሊነግራት ሲችል ሁላችንም እንድንሰማ በአማርኛ፦

«አንቺ አሪየት፣ ድምፅ ሰጠሁሽ፣ ውሃ የለም። ድምፄን መልሽ።»

«ድምፅ አንዴ ከተሰጠ አይመለስም፣ አባባ።»

«ጀልባ የተዋሰ ሰው ይመልስ የለ?»

እና ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ይኸው ነው፣ ይነሣል፣ «ድምፄን መልሽ» ይላል፣ ይቀመጣል። ሰልችቷት ይሁን አፍራ እንጃ፣ ባለሙያ ከጋምቤላ ከተማ አስመጥታ ፓምፑን አሠራችው።

ፓምፑ ታዲያ ውሃ ይስጥ እንጂ ሲገፉት ይጮኻል፣ ሲጥ ሲጥ። ዘይነባ «ኧረ ግራሶ ቀቡት፣ ጆሯችንን በላው» ብትል ኡጁሉ ከለከላት።

«ተይው» አላት፣ «ድምፄ ናት።»

ዘንድሮም ምርጫ ሊመጣ ነው አሉ፣ ፋኖስም ይመጣል፣ ጀልባም ይመጣል፣ ይማምም ኮፍያውን ይመርጣል። እኔ ጠዋት ጠዋት ተኝቼ ያቺን ሲጥ ሲጥ ስሰማ ዘይነባ ወንዝ እንዳልወረደች አውቃለሁና ወደ ሌላው ጎኔ እገለበጣለሁ። (ሳቅ) ሰነፍ በሉኝ።